አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ፦ ስለ ፅንስና በጣሪያችን ሥር ስለሚያድሩ ፍጡራን

በሀምበሪቾ ተራራ ግርጌ፣ ከዱራሜ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በእንሰት ተክል ተከቦ በቆመ የሣር ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት በእንግድነት ያደረ ሰው፣ ገና ሳይነጋ የሚሰማቸው ድምፆች የቤቱን ማኅበር ማንነት ያስረዱታል፤ ከሰው መኝታ በአንድ አግዳሚ እንጨት ብቻ የተለየችው ላም ታመሰኳለች፤ ምድጃው ዳር ድመት ጅራቷን ጠቅልላ ተኝታለች፤ ከላይ፣ ጢስ ባጠቆረው ማገር ላይ ደግሞ፣ ማንም ያልጋበዘው አይጥ እንደ ባለቤት ይመላለሳል። እኔም እንዲህ ባለ ቤት ባደርሁበት ማለዳ፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር የሆነችው የቤቱ እመቤት፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው እጇ እበቱን እያፈሰች ለእንሰቱ ማዳበሪያ በቅርጫት ስታወጣ፣ ከዚያም ወለሉን ልትጠርግ መጥረጊያ ስታነሣ አየሁ። በዚያን ጊዜ አማቷ ከተቀመጡበት ሳይነሡ በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገሯት፤ አብሮኝ የነበረው ወጣትም «ውኃ ሳትረጪ አትጥረጊ፣ አቧራው ይገባብሻል ነው የሚሏት» ብሎ ተረጎመልኝ። እርሷም ጎንበስ ብላ ከእንስራው በቅል ቀድታ፣ በጣቶቿ እያርከፈከፈች፣ አቧራውን አስተኝታ ጠረገች።

ይህ ነገር በልቤ ተቀምጦ ሳለ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ በባሕር ማዶ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። በዚያ አገር አይጥ እንደ ድመትና እንደ ውሻ ለቤት እንስሳነት ይሸጣልና፣ የ9 ዓመት ልጇ በሽቦ ቤት ውስጥ የሚያኖረው፣ በስም የሚጠራው፣ ከመዳፉ እህል የሚያበላው አይጥ አለው፤ እርሷም ሁለተኛ ልጇን ፀንሳ 3ኛ ወሯን ይዛለች። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ሐኪሜ ራቂው ትለኛለች፤ ልጄ ደግሞ እያለቀሰ እግዚአብሔር የፈጠረውን ለምን ትጠዪዋለሽ ይለኛል፤ ባኖረው ለፅንሴ እፈራለሁ፣ ባስወጣው በልጄ ልብ ጭካኔን የምዘራ ይመስለኛል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» እኔም በዚያ ሰዓት የሚበቃ መልስ ስላልነበረኝ፣ አስቤበት እጽፍልሻለሁ ብዬ አሰናበትኋት። የሀምበሪቾዋ እናትና የባሕር ማዶዋ እናት፣ ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም፣ ጥያቄያቸው አንድ መሆኑን የተረዳሁት መልሱን ስፈልግ ነው።

ቋንቋችን የፀነሰችን ሴት «ነፍሰ ጡር» ይላታል፤ ቃሉ «ጾረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ፣ መሸከም ከሚለው ሐሳብ የወጣ ነውና፣ አባቶቻችን በዚህ ስም ሲጠሯት ሆዷ መግፋቱን ብቻ ሳይሆን የሌላ ነፍስ ተሸካሚ መሆኗን መስክረዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ነፍስን ለተሸከመች ሴት ስንል፣ አብሮን ከሚኖር ሌላ ፍጡር ራሳችንን መለየት የርኅራኄ ጉድለት፣ ወይስ የእምነት ማነስ ነውን? ቀጥሎም ከዚህ የሚከብደው ይመጣል፦ ጥበቃው ግዴታ ከሆነ፣ ግዴታው በማን ትከሻ ላይ ነው?

አስቀድሞ ለፍጡሩ ክብር መመስከር ይገባል፤ አይጥን መጥላት ጽድቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና። በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ በስድስተኛው ቀን፣ ሰው በተፈጠረበት በዚያው ዕለት ተፈጥሯል፤ ፈጣሪም መልካም እንደ ሆነ አይቷል። ኖኅ ወደ መርከቡ ያስገባው ንጹሑን ብቻ አልነበረም፤ ንጹሕ ያልሆነውም ተባዕትና እንስት ሆኖ ገብቷል፤ የጥፋት ውኃ ፍርድም ዘሩን አላጠፋውም። የነነዌ ከተማ በተማረች ጊዜ እግዚአብሔር ለዮናስ የቈጠረለት የራራላቸውን ሰዎች ብቻ ሳይሆን እንስሶቹንም ጭምር ነው። በእኛ አገር ሥዕል ሁሉ የምናውቃቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በ60 አንበሶችና በ60 ነብሮች ታጅበው፣ ለተጠማች ወፍም የዓይናቸውን እንባ ሲያጠጡ ይታያሉ። በዘመናችንም በታንዛንያ፣ በሞሮጎሮ ከተማ፣ ትልልቅ የአፍሪካ አይጦች ሠልጥነው የሳንባ ነቀርሳን በአክታ ሽታ ይለያሉ፤ ከዚያው የሠለጠነው ማጋዋ የተባለው አይጥ በካምቦዲያ በሥራ ዘመኑ ከ100 በላይ ፈንጂዎችንና ያልፈነዱ ተተኳሾችን አሽትቶ ያገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። የስንት ሕፃን እግር በዚያ አይጥ አፍንጫ እንደ ተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለው ሕፃን ለአይጡ ማልቀሱ ሞኝነት አይደለም፤ ንጹሕ የሆነ የርኅራኄ ጅማሬ ነው።

ነገር ግን ለፍጡር ክብር መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ሥፍራውን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ጻድቁ አባት ከአራዊት ጋር የኖሩት በአራዊቱ ምድረ በዳ እንጂ አራዊቱን ወደ አራስ ቤት አምጥተው አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ አይጥ ርኩስ ከሚባሉት ተንቀሳቃሾች መካከል ተቈጥሯል፤ ይህ ርኩሰት የሥርዐት ስም እንጂ የጥላቻ ስም አይደለም፤ ሕጉ አይጥን ፈልጋችሁ ግደሉ አይልም፣ በየት እንዳይገኝ መጠንቀቅ እንደሚገባ ይናገራል እንጂ። የሞተው በሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢወድቅ ሸክላው ይሰበራል፤ የእንጨት ዕቃና ልብስ ግን በውኃ ገብቶ እስከ ማታ ይቆያል፤ ለመዝራት በተዘጋጀ ደረቅ ዘር ላይ ቢወድቅ ዘሩ ንጹሕ ነው፣ ዘሩ ውኃ ከነካው በኋላ ቢወድቅበት ግን ርኩስ ይሆናል። ይህን ክፍል በልጅነቴ ስሰማ ዝርዝሩ አሰልቺ ነበረ፤ አሁን ግን ሳነበው የአንዲትን እናት ጓዳ አያለሁ፦ እንስራው፣ ማድጋው፣ የዘር ቅርጫቱ፣ የተሰቀለው ልብስ። ሕጉ የተሰጠው ለቅድስና እንጂ ለሕክምና መማሪያ አይደለም፤ ሆኖም በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ‹ሌፕቶስፓይራ› የሚባለው ተህዋሲ በእርጥብ አፈርና በውኃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቆይ፣ በደረቅ ሥፍራ ግን ፈጥኖ የሚሞት መሆኑን የተማረ ሰው፣ እርጥቡንና ደረቁን ለይቶ በሚያየው በዚያ ጥንታዊ ሥርዐት ፊት በአክብሮት ራሱን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም።

አሁን ደግሞ ስለ ሕመሞቹ በግልጽ ልናገር፤ በዚህ ነገር ላይ በጥቅሉ መናገር እናቶችን ያስፈራል እንጂ አይጠብቃቸውምና። አይጥ ለሰው የሚያሳልፈው ደዌ ብዙ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ቸነፈር ተህዋሲው እ.ኤ.አ. በ1894 በሆንግ ኮንግ በአሌክሳንደር የርሲን የተገኘ፣ በአይጥ ቁንጫ መተላለፉም ከ4 ዓመት በኋላ በፖል ሉዊ ሲሞን የታወቀ ነው። ለፅንስ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋው ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣው ነው። ‹ሊምፎሲቲክ ኮሪዮሜኒንጃይቲስ› የሚባል ቫይረስ አለ፤ ዋና ማደሪያው ትንሿ የቤት አይጥ ስትሆን፣ ከእርሷ ጋር የተነካኩ ሌሎች በሽቦ ቤት የሚያድጉ የአይጥ ወገኖችም ሊይዙት ይችላሉ፤ በሽንቷ፣ በኵሷ፣ በምራቋና ጎጆዋ ሲነካ በሚነሣው አቧራ ወደ ሰው ይገባል። እናቲቱ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ራስ ምታት ተሰምቷት ያልፍላታል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይሰማትም፤ ፅንሱ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊጨነግፍ፣ ከዚያም በኋላ በጭንቅላቱ ውኃ ሊቋጠርበት፣ የዓይኑ ብርሃን ሊጎዳ፣ የአእምሮው እድገት ሊሰናከል ይችላል። የአይጥ ንክሻም የራሱ ትኩሳት አለው፤ የተነከሰች ነፍሰ ጡር ቁስሏን በሳሙናና በውኃ አጥባ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ አይጥ መሆኑንም መናገር ይገባታል።

ድመቲቱም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም፤ አይጡን ትገድልልናለች ብለን ያኖርናት እርሷ ከበላችው አይጥ ‹ቶክሶፕላዝማ› የሚባለውን ጥገኛ ተህዋሲ ልትወስድና በኵሷ ልታወጣው ትችላለች። ይህ ተህዋሲ እ.ኤ.አ. በ1908 ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ በቱኒስ ከተማ ያገኙት፣ ያውም ጉንዲ በምትባል የሰሜን አፍሪካ አይጥ መሰል እንስሳ ውስጥ ነው፤ ከእናት ወደ ፅንስ ተሻግሮ ሕፃንን እንደሚጎዳ የተረጋገጠው ግን 30 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1939 በኒው ዮርክ ነው። በአገራችን በጅማ ከተማ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ከ100ው ከ80 የሚበልጡት ተህዋሲው ቀድሞ በሰውነታቸው እንዳለፈ የደም ምርመራ አሳይቷል። ይህ ቊጥር ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ከመፀነሷ በፊት ያገኛት ሴት ፅንሷ ብዙውን ጊዜ የተጠበቀ ነውና፤ አደጋው ያለው በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚይዛት ነው። መንገዱም የድመት ኵስ ብቻ ሳይሆን ያልታጠበ አትክልት፣ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ነው። ከላሚቱም በኩል ያልፈላ ወተትና የጨነገፈች ላም እንግዴ ልጅ ‹ብሩሴላ› የሚባለውን፣ ሴትንም የሚያስጨነግፈውን ደዌ ሊያመጡ ይችላሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ አሳዛኝ ሥርዐት ደጋግሞ ይታያል፤ ተህዋሲው ያለበት እንስሳ ደህና ይመስላል፣ እናቲቱ ጥቂት ታማ ትነሣለች፣ የሚቀጣው ገና ዓለምን ያላየው ነው። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉት ተረት እዚህ ላይ ከቀልድነት ወጥቶ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል፤ እህሉን የበላው ሌላ፣ በበትር የሚደበደበው ቊጥቋጦ ሌላ። ከፅንሱ ቀጥሎ የምትመታው ደግሞ እናቲቱ ናት። ልጅ በጨነገፈባት፣ ወይም ዓይኑ የማያይ ሕፃን በወለደች ጊዜ፣ በየጓዳው የሚነሣው ሹክሹክታ ምን እንደሚል እናውቃለን፦ ምን ሠርታ ነው? የማን ዓይን በላት? ምን ስእለት አስቀረች? ይህ ጥያቄ ለዘመናችን አዲስ አይደለም፤ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው፣ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው መምህራቸውን ጠይቀዋል። የጌታ መልስ እርሱንም ወላጆቹንም ከዚያ ክስ ነፃ የሚያወጣ ነበረ፤ ከዚያም ወዲያ ምራቁን ወደ መሬት ተፍቶ፣ ጭቃ አድርጎ፣ ዓይኑን ቀብቶ ወደ ሥራ ገባ። እኔ በዚህ ቦታ የማየው ትምህርት ይህ ነው፦ በተጎጂው ፊት ቆሞ የጥፋተኛን ስም መፈለግ የደቀ መዛሙርቱ ስሕተት ነበረ፤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን መንካት ግን የመምህሩ ምግባር ነው።

ስለዚህ እናትን ተጠንቀቂ ብሎ መምከር በራሱ በቂ አይደለም፤ ምክሩ ብቻዋን ለእርሷ ሲነገር፣ ልጁ ቢጎዳ ነገ ጥፋቱን የምንጭንባት አዲስ ሸክም ይሆናል። በመጽሐፈ መሳፍንት በ13ኛው ምዕራፍ መልአኩ ለማኑሄ ሚስት ተገልጦ ልጅ እንደምትፀንስ ካበሠራት በኋላ፣ ከወይን ጠጅና ርኩስ ከሆነ ነገር ሁሉ እንድትጠበቅ አዟታል፤ ስለ ፅንሱ ሲባል የእናቲቱ ማዕድ ሲጠበቅ በዚህ እናያለን። እኔን ይልቁን የሚያስደንቀኝ ግን የባልየው ነገር ነው፤ ማኑሄ ትእዛዙ ለሚስቴ ነው ብሎ አልተወውም፤ መልአኩ ዳግመኛ እንዲመጣ ጸለየ፣ በመጣም ጊዜ የልጁ ሥርዐት ምንድር ነው ብሎ ራሱ ጠየቀ፣ ያንኑ ትእዛዝ በገዛ ጆሮው ሰማ። ለሚስቱ የተነገረውን የጤና ምክር ራሱ ሄዶ የሚሰማ ባል በየመንደራችን ስንት ይሆን?

ያ የሀምበሪቾ ቤት ያለበት የከምባታ ምድር ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል የራሱ ምስክር አለው። ዛቶ በምትባል የከምባታ መንደር የተወለዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂን፣ ማለት በዓይን የማይታዩትን ተህዋስያን ጥበብ ተምረው፣ በአሜሪካም ትምህርታቸውን ቀጥለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ከፍቅርተ ጋር ‹ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ› የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን መግረዝ በአካባቢው የማይነካ ልማድ ነበረ፤ በወሊድ የምትሞት ሴትም ዕጣዋ ነው ይባል ነበር። ዶክተር ቦጋለች ሴቲቱን ብቻ ለይተው አልሰበኩም፤ ሽማግሌውን፣ ወጣቱን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ ገራዧን ጭምር በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጠው አወያዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም ያልተገረዘች ሙሽራ በብዙ ሕዝብ ፊት በክብር ተዳረች፤ ማኅበረ ሰቡም የሴቲቱ ዕጣ ሲለው የኖረው ነገር የገዛ እጁ ሥራ እንደ ነበረ በገዛ አፉ መሰከረ። እኒህ ታላቅ ሴት እ.ኤ.አ. በ2019 ቢያርፉም፣ ትተውት የሄዱት ሕግ ለዚህም ነገራችን ይሠራል፦ ሴት ብቻዋን የተሸከመችው ነገር ሁሉ የእርሷ ብቻ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌላው ስላላነሣው ነው።

«እግዚአብሔር ካልጠበቀ የሰው ጥበቃ ምን ይረባል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቃሉም እውነት ነው። ነገር ግን ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ሁለት ትእዛዛትን ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ አንደኛው በጎጆዋ ጫጩቶቿን ወይም ዕንቁላሏን ታቅፋ የተገኘችን ወፍ ከልጆቿ ጋር አትውሰድ የሚል ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ አዲስ ቤት ስትሠራ፣ ሰው ከሰገነቱ ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን፣ ለጣሪያህ ዙሪያ መከታ አድርግለት የሚል ነው። ለእናቲቱ ወፍ የሚራራውና የቤቱን መከታ የሚሠራው ሰው በሕጉ ፊት አንድ ሰው ነው፤ ርኅራኄውና ጥንቃቄው አይጣሉም። መከታ አለመሥራትንም ሕጉ እምነት አላለውም፤ በባለቤቱ ራስ ላይ የሚመጣ ደም አለው እንጂ።

እንግዲህ በሀምበሪቾ ግርጌ ላለው ቤት መከታው ምንድር ነው? ላሚቱ በሰው ጣሪያ ሥር የምታድረው ባለቤቷ ንጽሕናን ስለ ናቀ አይደለም፤ ጅብና ሌባ ስላለ፣ ሌሊቱም ስለሚበርድ፣ እበቷም የእንሰቱ፣ እንሰቱም የቆጮው፣ ቆጮውም የልጆቹ ሕይወት ስለ ሆነ ነው፤ ይህን ያልተረዳ መካሪ አፉን ባይከፍት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የከብቱ ማደሪያ ከሰው መኖሪያ እንዲለይ ሲመክሩ ኖረዋል፤ አቅም እስኪገኝ ድረስ ግን ባል እበቱን ራሱ ያውጣ፤ እህሉን ክዳን ባለው ጎተራ ያኑር፣ የግድግዳውን ሽንቁር ይድፈን፣ ወጥመዱን እርሱ ይዘርጋ፣ የሞተውንም አይጥ እርሱ ይቅበር። የአይጥ ኵስ ያለበት ጓዳ ደርቆ እንዳለ አይጠረግ፤ በሩ ለግማሽ ሰዓት ይከፈት፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይረጭበት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና እጁን በጓንት ወይም በላስቲክ የሸፈነ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው፣ ይጥረገው። የአይጥ መርዝ ነፍሰ ጡር ባለችበት አይበተን፤ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለአይጥ ማጥፊያ የተሸጠው ዋርፋሪን ከእናት ደም በእንግዴ ልጅ አልፎ ፅንስን የሚጎዳ ነውና። ወተቱ ይፍላ፣ ሥጋው ይብሰል፣ የድመቷ ኵስ በየዕለቱ በሌላ እጅ ይነሣ። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን የጣሪያ መከታም ቢሆን ከትንንሽ እንጨት ነው የሚሠራው።

ለእኅቴ ልጅም በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍሁላት፦ «ልጅሽ አይጡን አይጥላ፤ አንቺም አትጥዪው። ነገር ግን እስክትወልጂና ሕፃኑ እስኪጠነክር ድረስ አይጡ በታመነ ወዳጅ ቤት ይቆይ፤ ይህ የማይቻል ቢሆን እንኳ አንቺ በማትገቢበት ክፍል ይኑር፣ ቤቱንም ባልሽ በጓንት ያጽዳው፣ ልጁም ከነካው በኋላ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይቅረብሽ። እስካሁን መንካትሽን ለሐኪምሽ ሳትሸሽጊ ንገሪያት። ልጅሽን ደግሞ ጠርተሽ፣ ወንድምህ ወይም እኅትህ ገና በር የሌለው ቤት ውስጥ ናቸውና ለጊዜው በራቸው አንተ ነህ በዪው፤ ጠባቂ መሆን የሚወዱትን መተው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።» ከሳምንት በኋላ የሽቦውን ቤት ራሱ ተሸክሞ ወደ ጓደኛው ቤት እንደ ወሰደው፣ በየቅዳሜውም ሄዶ እንደሚያየው ነገረችኝ።

በአገራችን ወሯ የገባ ሴት በመንገድ ስታልፍ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ የማይመርቅ የለም፤ በዱራሜም የወንጌላውያኑ ጉባኤ በራሱ ጸሎት፣ ካቶሊኩም በራሱ፣ ኦርቶዶክሱም በራሱ ይመርቃታል። ምርቃቱ በአፍ ብቻ ካለቀ ግን ለእርሷ የሚደርሳት ድምፅ ብቻ ነው። ያን ማለዳ አማቲቱ ከተቀመጡበት «ውኃ ሳትረጪ አትጥረጊ» ማለታቸው እውነተኛ ጥበብ ነበረ፤ ከአያቶቻቸው የተቀበሉት፣ ሳይንስም በኋላ የመሰከረለት። እኔም በእንግድነቴ አፍሬ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ የአማቲቱ ልጅ፣ የሴቲቱ ባል፣ በደጃፉ ቆሞ ነበር፤ መጥረጊያውም ከሁላችን አጠገብ ነበረ። አሁን ወደዚያ ቤት ብመለስ አስቀድሜ የማደርገውን አውቃለሁ፤ ቅሉን አንሥቼ ውኃውን እረጫለሁ፣ ባልየውንም መጥረጊያውን አንሣ እለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እመርቃታለሁ።